የ6061 አሉሚኒየም ትኩስ መጭመቅ፦ አክቲቬሽን ኢነርጂው ለምን ከልክ በላይ ወጣ?

ሰብለ (ጥያቄ)፦ ሰላም ለሁላችሁ። የ6061 አሉሚኒየም ቅይጥ የመጭመቂያ ዳታን በሳይን ሃይፐርቦሊክ ሕግ (ስትሬስን፣ ማለትም በስፋት ላይ የሚያርፈውን ኃይል፣ ከሙቀትና ከፍጥነት ጋር በሚያያይዘው ቀመር) እየገጠምኩ ነው። ሙቀቱ 350፣ 400፣ 450 እና 500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ስትሬን ሬቱ (የስትሬኑ፣ ማለትም የቅርጽ ለውጡ፣ ፍጥነት) በሰከንድ ከ0.01 እስከ 10። አክቲቬሽን ኢነርጂው (ብረቱ ቅርጹን ለመለወጥ የሚያልፈው የኢነርጂ ገደብ) በሞል 345 ኪሎጁል ወጣ። ለንጹሕ አሉሚኒየም የራስ ዲፊውዥን (አተሞቹ በራሱ በብረቱ ውስጥ የመንቀሳቀስ) ኢነርጂ 142 ገደማ ስለሆነ አላመንኩትም። ኬልቪን ነው የተጠቀምኩት። ጆንሰን ኩክ የተባለው ሌላ ሞዴል ይሻለኝ ይሆን?

ዳዊት፦ እህቴ፣ 345ን ለ2.303 አካፍይው፤ 150 ነው። የናቹራል ሎግና የቤዝ 10 ሎግ ጣጣ ይመስላል። 2.303 ያለበት ቀመር ለቤዝ 10 ብቻ ነው፤ በናቹራል ከሠራሽ አውጪው። ካልሆነ «ኤን»ን (በሕጉ ውስጥ ያለውን የስትሬስ ኤክስፖነንት፣ ከግራፉ ዝንባሌ የሚወጣውን) እዪ፦ የስትሬን ሬቱ አክሲስ ናቹራል፣ የስትሬሱ ቤዝ 10 ከሆነ ኤን ራሱ በ2.303 ይባዛል። ኤክሴል ላይ «ሎግ» ቤዝ 10 ነው፣ ማትላብ ላይ ናቹራል።

ሰብለ፦ ኤን ነበር፤ አሁን 150 ሆነ። ግን በ350 ዲግሪ፣ በሰከንድ 10 ላይ ሞዴሉ ከልኬቱ በላይ ይሰጣል።

ቴዎድሮስ፦ ናሙናው ራሱን እያሞቀ ነው። በዚያ ፍጥነት ሙቀቱ የሚወጣበት ጊዜ የለም። ስትሬሱ 100 ሜጋፓስካል፣ ስትሬኑ 0.7 ቢሆን፣ ከሥራው 90 በመቶው ሙቀት ሲሆን በኪዩቢክ ሜትር 63 ሜጋጁል ነው፤ ይህንን ለ2.7 (ዴንሲቲ ሲባዛ በስፔሲፊክ ሂት) ስታካፍይ 23 ዲግሪ ይሆናል። 350 ብለሽ የመዘገብሽው በመጨረሻ 373 አካባቢ ነበር ማለት ነው። በየስትሬኑ የስትሬሱን ሎግ ከእውነተኛው ሙቀት ግልባጭ ጋር አስቀምጪና ወደ 350 መልሺው። ኮንስታንቶቹን ማውጣት ከዚያ በኋላ ነው።

ከዚህ በፊት ግን ሰበቃውን አርሚ። ዲያሜትሩ 10፣ ቁመቱ 15 ሚሊሜትር የሆነ ናሙና ስትሬን 0.7 ሲደርስ 14.2 በ7.4 ይሆናል፤ የሰበቃ ኮፊሸንቱ 0.1 ከሆነ ስትሬሱ 6 በመቶ ያህል ከፍ ብሎ ይነበባል፣ 0.2 ከሆነ 13 በመቶ። በርሜል መስሎ ካበጠ ማለስለሻው ግራፋይት አልሠራም።

ሂሩት፦ የናሙናዎቹ የቀደመ የሙቀት ሕክምናም አንድ ዓይነት ይሁን። በ530 ዲግሪ ማግኒዚየሙና ሲሊኮኑ አሉሚኒየሙ ውስጥ የሟሙበትና በቀጥታ ወደ 350 የወረደ ናሙና እየተጨመቀ ሳለ የማግኒዚየም ሲሊሳይድ ቅንጣቶች ይፈጠሩበታል፤ በ500 ግን አብዛኛው እንደሟሟ ይቆያል። ያኔ ቅንጣቶቹ በ350 ስትሬሱን ከፍ ስለሚያደርጉ ኢነርጂው ያለምንም የሂሳብ ስህተት ያብጣል።

ጆንሰን ኩክን ተዪው። የሬቱንና የሙቀቱን ተጽዕኖ ለየብቻ አስልቶ ያባዛቸዋል፤ በጋለ አሉሚኒየም ግን ሬቱ በመቶኛ የሚያመጣው ለውጥ ሙቀቱ በጨመረ ቁጥር ይገዝፋል። በ350 ያስተካከልሽው በ500 ይስታል። አባኩስ (የማስመሰያ ሶፍትዌር) ውስጥ ሞዴልሽን በሠንጠረዥ አስገቢ፤ ሠንጠረዡንም ከሚጠበቀው ሬት አሳልፈሽ ዘርጊው፣ ከወሰኑ ውጭ የመጨረሻውን ዋጋ ይዞ ይቀጥላልና።