የጋራ ሲስተማችን ጉዳይ፦ የዕቅድ ውይይት

ታኅሣሥ 5፣ 2014

የሲስተም ባለሙያ፦ ነገሩ የሎግፎርጄ ነው፣ ሲስተም ውስጥ የሚሆነውን የሚመዘግበው የሶፍትዌር ክፍል። ሦስታችንም ማኅበራት የምንጠቀምበት የቁጠባ ሲስተም ውስጥ አለ። ትናንት አየሁት፣ ቨርዥኑ 2.14.1 ነው። ሥራው መመዝገብ ብቻ ነበር። ግን የሚመዘግበው ጽሑፍ ውስጥ የጄኤንዲአይ ጥሪ (ከሌላ አድራሻ ነገር አምጣ የሚል መስመር) ካገኘ፣ ወደተጻፈው አድራሻ ሄዶ የሰው ኮድ አምጥቶ ያስኬዳል። ፓስወርድ አይጠይቅም። መግቢያው ላይ የተጠቃሚ ስም በሚሞላበት ቦታ ያቺን መስመር መጻፍ ይበቃል። ሲስተሙ «እገሌ ሊገባ ሞክሮ አልቻለም» ብሎ ሲመዘግብ አለቀ። የአደጋው ደረጃ ከ10፣ 10 ነው። ዛሬ ማታ ዘግተን ወደ 2.16.0 እናሳድግ። ሰርቨሩ በራሱ ወደ ውጭ እንዳይገናኝም ፋየርዎሉ ላይ እንዝጋ። ከባክአፕ ዲስክ ጋር 18 ሺህ ብር፣ በእኩል።

የመምህራን ተወካይ፦ በእኩል? እኛ 140 ነን፣ ሾፌሮቹ 900። የጄኔሬተሩ አይደገምም።

የሾፌሮች ተወካይ፦ ጄኔሬተሩን ተወው። እኔ ያልተመቸኝ «ቀዳዳ» የሚለው ነው። የዕቅዱ ረቂቅ ላይ ሦስት ቦታ «የደኅንነት ቀዳዳ» ይላል። ይሄ ግድግዳ ላይ ሲለጠፍ አባሉ ገንዘቤ እየፈሰሰ ነው ብሎ ነው የሚያነበው። በማግሥቱ ሁሉም ብሬን ስጡኝ ይላል።

ጸሐፊ፦ «ተጋላጭነት» ይባል።

የሴቶች ተወካይ፦ እኛ ጋ ተጋላጭነት ሲባል በሽታ ነው የሚመስላቸው። ቀዳዳ ይሻላል። ቀዳዳ ይደፈናል።

የመምህራን ተወካይ፦ «ክፍተት»።

የሾፌሮች ተወካይ፦ «የሒሳብ ክፍተት» ተብሎ ሰብሳቢ የወረደበትን ረሳችሁት?

የሲስተም ባለሙያ፦ ቃሉ ይቆይ። ሎግፎርጄ በየቢሮው ሌላ ምን ሶፍትዌር ውስጥ እንዳለ የሚቆጥር ሰው እፈልጋለሁ። ፋይሉ ሌላ ፋይል ውስጥ ታሽጎ ስለሚመጣ በስም መፈለግ ብቻ አይበቃም።

የመምህራን ተወካይ፦ እኔ እቆጥራለሁ። ሐሙስ ዝርዝሩ እጅህ ላይ ነው።

ታኅሣሥ 7

ገንዘብ ያዥ፦ የቃሉ ነገር ሳያልቅ ብር አይወጣም። ኦዲተር የሚያየው ወረቀቱን ነው።

የሴቶች ተወካይ፦ እናንተ ቃል ስትመርጡ ሲስተሙ ክፍት ነው። ትናንት አንዷ አባላችን የእንጀራ ሽያጯን 50 ብር በመሀረብ ቋጥራ አመጣች። ደረሰኝ ስቆርጥላት እጄ ተንቀጠቀጠ።

የሾፌሮች ተወካይ፦ «እናንተ» አትበይን። 900 ሰው ፊት የምቆመው እኔ ነኝ!

ጸሐፊ፦ ይብቃ።

የሾፌሮች ተወካይ፦ ይቅርታ እህቴ። ተናድጄ ነው።

የሲስተም ባለሙያ፦ መዝገቡን አየሁት። ሌሊት ከማናውቀው አድራሻ ያቺ መስመር መግቢያው ላይ 14 ጊዜ ተጽፋለች። ወደ ውጭ የወጣ ግንኙነት አላገኘሁም። መጠበቅ ስላልቻልኩ ሲስተሙን 10 ደቂቃ ዘግቼ ጥሪውን የሚፈጽመውን፣ ጄኤንዲአይ ሉክአፕ የሚባለውን ክላስ (የኮድ ክፍል) ከሎግፎርጄ ፋይል ውስጥ አውጥቻለሁ። በመጀመሪያ ቀን ሲመከር የነበረው ሴቲንግ ብቻውን እንደማይበቃ አሁን ተረጋግጧል።

ገንዘብ ያዥ፦ ማን ፈቀደልህ?

የሴቶች ተወካይ፦ እኔ። አበጀህ ወንድሜ።

የሲስተም ባለሙያ፦ የመምህራን ተወካይ፣ ዝርዝሩስ?

ታኅሣሥ 10

የሲስተም ባለሙያ፦ 2.17.0 ወጥቷል። 2.16.0ንም በተንኮል ጽሑፍ ሥራ ማስቆም እንደሚቻል ታውቋል። ረቂቁ ላይ ቁጥሩን አስተካክሉት። ዝርዝሩ አሁንም አልደረሰኝም።

ጸሐፊ፦ አዲሱ ረቂቅ ይኸው። ርእሱ «የሲስተም ማሻሻያ» ሆኗል። በቃሉ ሁሉም ተስማምቷል።

ገንዘብ ያዥ፦ ማሻሻያ ከሆነ ለአባላት የኤስኤምኤስ መልእክትና አዲስ ፕሪንተርም ይግባበት። 64 ሺህ ይመጣል። ክፍያው በአባል ቁጥር።

የሾፌሮች ተወካይ፦ በአባል ቁጥር ከሆነ ፕሪንተሩ እኛ ቢሮ ይቀመጥ።

የሲስተም ባለሙያ፦ ፋየርዎሉ የት ሄደ? ረቂቁ ላይ የለም።

ጸሐፊ፦ ወደ ውጭ ከተዘጋ ኤስኤምኤሱ አይሄድም ተባለና ወጣ።

የሲስተም ባለሙያ፦ ለኤስኤምኤሱ አንድ አድራሻ ብቻ ይከፈታል፣ ሌላው ይዘጋል። ከሁሉም የሚበልጠው እሱ ነበር። ነገ አንድ ሌላ ስህተት ቢገኝ እንኳ ሰርቨሩ ሄዶ ኮድ ማምጣት አይችልም።

ጸሐፊ፦ ለሚቀጥለው ስብሰባ አጀንዳ ይዤዋለሁ።

የሲስተም ባለሙያ፦ እሺ። 2.17.0ን ግን ዛሬ ማታ እጭናለሁ። ዲስኩን በራሴ ብር ገዝቻለሁ፣ መጀመሪያ ባክአፕ መውሰድ አለብኝ። የሰርቨር ክፍሉ ቁልፍ ማን ጋ ነው?

የሴቶች ተወካይ፦ የመምህራን ተወካይ ጋ ነው። ከጠዋት ጀምሮ እየደወልኩ ነው፣ አያነሳም።