ጥቆማ፦ አውሮፕላን ውስጥ ለደረሰ ጉዳት የሚሆን ጠበቃ (ቨርጂኒያ፣ ዲሲ፣ ሜሪላንድ)

የአሌክሳንድሪያዋ
ሰላም ለሁላችሁ። አክስቴ ከአዲስ አበባ በፍራንክፈርት አድርገው ደለስ (የዋሽንግተን አውሮፕላን ማረፊያ) ሲመጡ፣ በሁለተኛው በረራ ላይ የምግብ ጠረጴዛቸው በአንድ ወገን ወርዶ ሙሉ ኩባያ ትኩስ ሻይ ጭናቸው ላይ ፈሰሰ። ሐኪሙ ሁለተኛ ደረጃ ቃጠሎ ብሎታል። ሦስት ወር ሆነው። አየር መንገዱ የይቅርታ ኢሜይልና የ300 ዶላር ቫውቸር ልኳል። ከሦስቱ የቱ ይሻላል፦ የአቪዬሽን ጉዳይ ብቻ የሚይዝ ትልቅ ቢሮ፣ የመኪና አደጋ የሚይዙት የሰፈራችን ጠበቆች፣ ወይስ ራሳችን ጽፈን መጨረስ? የምታውቁትን ጠቁሙኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ።

ባለ ካምሪው
ኮሎምቢያ ፓይክ መንገድ ላይ፣ ሦስተኛ ፎቅ ያለው ጠበቃ። አለቀ። ስልክ ያነሳል፣ አማርኛ የምትናገር ጸሐፊ አለችው።

ፋይል ከፋች
ቫውቸሩን ካልነካችሁት አትንኩት። ግርጌው ላይ «ሙሉ እና የመጨረሻ» የሚል ነገር ካለ፣ መጠቀማችሁ ራሱ ጉዳዩን ሊዘጋው ይችላል።

ጠበቃ ከመምረጥሽ በፊት አራት ነገር ንገሪን። ትኬቱ ደርሶ መልስ ነው ወይስ መሄጃ ብቻ? የት ተገዛ? ሁለተኛውን በረራ ያበረረው ማን ነው? አክስትሽ በቋሚነት የሚኖሩት የት ነው? ዓለም አቀፍ ጉዞ ስለሆነ ጉዳዩ የሚዳኘው አየር መንገዶች ለተሳፋሪ ያለባቸውን ኃላፊነት በሚወስነው በ1999ኙ (እ.ኤ.አ.) የሞንትሪያል ስምምነት ነው፤ የት አገር መክሰስ እንደሚቻልም የሚወስነው እሱ ነው። አየር መንገዱ የተመዘገበበት አገር፣ ዋና መሥሪያ ቤቱ ያለበት፣ ትኬቱን የሸጠው ቢሮው ያለበት፣ ወይም የጉዞው መድረሻ። ለአካል ጉዳትና ለሞት ብቻ አምስተኛ በር አለ፦ በአደጋው ጊዜ ተጓዡ በቋሚነት ይኖርበት የነበረው አገር፣ አየር መንገዱ ወደዚያ የሚሠራ ከሆነ።

ብዙ ሰው የሚሰናከለው መድረሻው ላይ ነው። ከአዲስ አበባ የተነሣ የደርሶ መልስ ትኬት በሕጉ ዓይን መድረሻው ደለስ አይደለም፤ አዲስ አበባ ነው። ስለዚህ እዚህ ያለ ጎበዝ ጠበቃ ይዘሽ እዚህ ፍርድ ቤት መግባት ላትችዪ ትችያለሽ።

ማኪያቶ ቀጭን
ለሻንጣም ይሠራል? የኔ ጎማው ተነቅሎ ነው የመጣው።

ፋይል ከፋች
ይሠራል። ለተበላሸ ሻንጣ ከተረከብሽበት ቀን ጀምሮ በ7 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ማመልከት ነው፤ ለዘገየ 21 ቀን። የአካል ጉዳት ይህ ገደብ የለበትም። ሌላ ፖስት ብትከፍቺ ይሻላል።

ፒያሳ ኤክስፕረስ
በፍራንክፈርት ከሆነ ያለፉት 600 ዩሮ አለላቸው። አፕ ላይ ትሞያለሽ፣ እነሱ ራሳቸው ያስከፍሉልሻል፣ ኮሚሽናቸውን ይቆርጣሉ።

ሙኒክ ሰፈር
እሱ የመዘግየትና የስረዛ ካሳ ነው። አፖቹ የአካል ጉዳት አይነኩም፤ ቢነኩም አትስጧቸው።

ይልቅ ለእህታችን የሚጠቅማት ይኼ ነው። ከማዮርካ ወደ ቪየና በሚበር አውሮፕላን ላይ አባትየው ጠረጴዛ ላይ የነበረ ትኩስ ቡና ተደፍቶ የስድስት ዓመት ልጁን አቃጠላት። ጠረጴዛው ተበላሽቶ ይሁን አውሮፕላኑ ተንቀጥቅጦ ማረጋገጥ አልተቻለም። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ታኅሣሥ 2019 ላይ ሲወስን፣ «አደጋ» ለመባል የግድ ከበረራ ጋር የተያያዘ ስጋት መሆን የለበትም አለ። የኩባያው መደፋት በቂ ነው። ጀርመን ላይ መክሰስ ከተቻለ ግን ወጪውን እወቁት፤ የተሸነፈ ወገን የሌላውንም ጠበቃ ይከፍላል፣ «ካሸነፍኩ ትከፍለኛለህ» የሚለው የአሜሪካ አሠራርም እዚህ ከጥቂት ሁኔታ በቀር አይፈቀድም።

በላ ልበልሃ
ለአንድ ኩባያ ሻይ ሦስት አገር ፍርድ ቤት! ቦይንግንም ጨምሯት እንጂ። ሻይ ቅጠሉን ያመረተው ፋብሪካስ ለምን ይቀራል?

ራምፕ ስድስት
በላ ልበልሃ፣ ሁለተኛ ደረጃ ቃጠሎ ቆዳው ውኃ ቋጥሮ የሚላጥበት ነው፣ ቀልዱን ተወው።

ወደ ጠረጴዛው። የሚያዘው በሁለት ክንድ ነው፤ በየክንዱ መጨረሻ ፒን አለ። ፒኑ ወይም የሚዞርበት ቀዳዳ ሲበላ አንዱ ወገን ዝቅ ይልና ጠረጴዛው ወደ ጭን ያዘነብላል። ባዶውን ዘርግቶ ሁለቱን ጥግ በየተራ በጣት መጫን ነው፤ አንዱ ብቻ ከወረደ ያረጀ ነው። ይህ ደግሞ በአንድ ጀንበር የሚመጣ ብልሽት አይደለም። አስተናጋጆች እንዲህ ያለውን በወንበር ቁጥር የካቢን ብልሽት መዝገብ ላይ ይጽፉታል። ቴክኒሻኑ ወይ ይጠግነዋል፣ ወይ ጠረጴዛውን ዘግቶ «አይሠራም» የሚል ለጥፎበት ጥገናውን ለሌላ ቀን ያሳድራል። ከእሳቸው በረራ በፊት ተጽፎ፣ ሳይጠገንም ሳይዘጋም ተሳፋሪ ከተቀመጠበት፣ ያ ገጽ ከየትኛውም ምስክር ይበልጣል።

ስለዚህ የበረራ ቁጥር፣ ቀን፣ የወንበር ቁጥር፣ የአውሮፕላኑ የጅራት ቁጥር (የአውሮፕላኑ መለያ)። የመጨረሻው በረራ መከታተያ ድረ ገጾች ላይ ይገኛል፣ ግን ብዙዎቹ የቆየውን በነፃ አያሳዩም፤ ቶሎ እይው። ከዚያ ለአየር መንገዱ የሕግ ክፍል «መዝገቡን፣ የጥገና ወረቀቱንና የተቀየረ ዕቃ ካለ ዕቃውን አታጥፉ» የሚል ደብዳቤ። ይህን ለመጻፍ ጠበቃ አያስፈልግም። ፒኑ ተቀይሮ አሮጌው ከተጣለ በኋላ ግን ማንም አይመልሰውም።

ዓባይ ማዶ
ጠበቃ ጠበቃ ትላላችሁ፣ የኔን ሒሳብ ልጻፍላችሁ። ወደ አውሮፕላን የሚያስወጣው ባለ ደረጃ መኪና ላይ በደረሰብኝ ጉዳት በ30,000 ዶላር ተስማሙ። ጠበቃው 40 በመቶ፣ 12,000። «ወጪ» ተብሎ 6,500። ሐኪም ቤት 7,000። እኔ 4,500። ከዚህ በኋላ ጠበቃ የሚባል አትጥሩብኝ።

ጎጆ ቤት
ሌቦች ናቸው።

ሲልቨር ስፕሪንግ 29
40 በመቶ? የኔ ዘመድ በ33 ነው የጨረሰው።

ባለ ካምሪው
ኮሎምቢያ ፓይክ ያለው እንዲህ አያደርግም።

ዓባይ ማዶ
የተባለው ሁሉ «እንዲህ አያደርግም» ተብሎ ነው የተጀመረው።

ጎጆ ቤት
6,500 ምን ወጣበት? ፎቶ ኮፒ?

ፋይል ከፋች
6,500 የሐኪም ምስክርነት፣ የሕክምና ፋይል ማስገልበጫ፣ የፍርድ ቤት ክፍያ ተደምሮ ሊደርስ ይችላል፤ ዝርዝሩን በደረሰኝ የመጠየቅ መብት አለህ። ዋናው ግን ውሉ ላይ ያለች አንዲት መስመር ናት፦ መቶኛው የሚሰላው ወጪው ሳይቀነስ ነው ወይስ ከተቀነሰ በኋላ? አንተ ላይ ሳይቀነስ ነው የተሰላው። መጀመሪያ 6,500 ቢነሣ ኖሮ 23,500 ይቀራል፤ የዚያ 40 በመቶ 9,400። የሐኪም ቤቱ 7,000 ሲወጣ እጅህ ላይ 7,100 ይገባ ነበር። ያው ጠበቃ፣ ያው 40 በመቶ፣ የ2,600 ዶላር ልዩነት። ሳይፈረም በፊት ይህች መስመር ትለወጣለች፤ ብዙዎቹ ከጠየቅካቸው ይለውጧታል።

የአሌክሳንድሪያዋ፣ ሕክምናውን የከፈለው ሜዲኬይድ (ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ሰው መንግሥት የሚሰጠው የጤና መድን) ከሆነ ከካሳው ላይ ድርሻውን መልሶ ይጠይቃል። ስምምነቱ ከመፈረሙ በፊት መጠኑን በጽሑፍ አስመጪ።

የአሌክሳንድሪያዋ
ትኬቱ ደርሶ መልስ ነው። እኔ ከዚህ በካርዴ ገዝቼ ልኬላቸው ነው። አክስቴ ግሪን ካርድ አላቸው፣ ግን ክረምቱን አዲስ አበባ ነው የሚያሳልፉት። ያበረረው ሌላ አየር መንገድ ነው፣ ትኬቱ ላይ ያለው ስም ግን የመጀመሪያው ነው።

ፋይል ከፋች
ጥሩ፣ በር ተከፈተ። ያበረረውንም ትኬቱ ላይ ስሙ ያለውንም መክሰስ ትችላላችሁ፤ ስምምነቱ ሁለቱንም ተጠያቂ ያደርጋል። ከዚህ መግዛትሽ አንድ ክርክር ነው፣ ግን በኢንተርኔት የተገዛ ትኬት «የተሸጠበት ቢሮ» የቱ እንደሆነ ያጨቃጭቃል፤ እሱ ላይ ብቻ አትደገፉ። ጠንካራው የመኖሪያው በር ነው። ግሪን ካርዱ ብቻውን አይበቃም፤ የቤት ኪራይ ውል፣ የግብር ማመልከቻ፣ የቨርጂኒያ መታወቂያ፣ የሐኪም ቀጠሮ ታሪክ፣ ሁሉንም ከበረራው ቀን በፊት ያለውን ሰብስቡ። አየር መንገዱ «አዲስ አበባ ነው የሚኖሩት» ማለቱ አይቀርም።

በሩ ቢዘጋ ከሚቀሩት አንዱ አዲስ አበባ ነው። ኢትዮጵያም የስምምነቱ አባል ናት፣ ግን የካሳው ልክ በአገሩ ሕግ ስለሚሰላ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2116 የሕሊና ካሳን ከ1,000 ብር እንዳያልፍ ይገድባል። ለሥቃዩ 1,000 ብር። ስለ መኖሪያው የምጨነቀው ለዚህ ነው።

ቤይሩት መልስ
ይቅርታ፣ ከቤይሩት በመሄጃ ትኬት ብቻ ወደ አዲስ አበባ ስትመጣ አውሮፕላን ውስጥ የተጎዳች ልጅ አዲስ አበባ መክሰስ ትችላለች?

ፋይል ከፋች
ትችላለች። መድረሻዋ አዲስ አበባ ነው። የመሳፈሪያ ወረቀቷን እንዳትጥል።

በላ ልበልሃ
ቦይንግን ያልኩት ቀልድ ነበር፣ ግን የምር አይቻልም?

ራምፕ ስድስት
ይቻላል፣ ግን ወንበርና ጠረጴዛ የሚሠሩት እንደ ሬካሮ፣ ሳፍራን፣ ኮሊንስ ያሉ ናቸው። የወንበሩ ብረት ላይ የተለጠፈ የአምራች ምልክት አለ፤ ስም፣ የዕቃ ቁጥር፣ ተከታታይ ቁጥር።

ፋይል ከፋች
አምራች መክሰስ ሌላ ዓለም ነው። የኢቲ 302 ቤተሰቦች ቦይንግን ቺካጎ ፌዴራል ፍርድ ቤት ከሰዋል፣ ኩባንያውም በኅዳር 2021 ለካሳው ኃላፊነቱን ተቀብሏል፤ ያ ግን 157 ነፍስ የጠፋበት የበረራ መቆጣጠሪያ ጉዳይ ነው። ለአንድ ፒን ኢንጂነር ቀጥረሽ ማስመርመር አያዋጣሽም። ቨርጂኒያ ደግሞ አምራች ለሚከስ ሰው ከባድ ናት፦ ጥፋቱን ማስረዳት አለብሽ፤ ተጎጂው በትንሹም ቢሆን ካጠፋ በቸልተኝነት ክስ ምንም አያገኝም። በሞንትሪያል ግን የተጎጂው ጥፋት ካሳውን ይቀንሳል እንጂ ሌላውን አይደመስስም። አየር መንገዱን ያዙ።

አየር መንገዱ እስከ 151,880 ኤስዲአር ድረስ (ኤስዲአር የዓለም የገንዘብ ድርጅት የሒሳብ መለኪያ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 28 ቀን 2024 ወዲህ ለደረሰ አደጋ፤ ወደ 200 ሺህ ዶላር አካባቢ) «ጥፋት የለብኝም» ብሎ ማምለጥ አይችልም። ከዚያ በላይ ለሆነው ግን ጥፋት እንደሌለበት ካስረዳ ይድናል፤ ራምፕ ስድስት ያለው መዝገብ የሚያስፈልገው ለዚያ ነው። ይህ ማለት ግን ገንዘቡ ዝም ብሎ ይሰጣል ማለት አይደለም፤ ጉዳቱን በደረሰኝና በፎቶ ማሳየት የናንተ ሥራ ነው። የሐኪሙ ወረቀት ላይ «የጠረጴዛው መውደቅ» የሚል ካልተጻፈ እንዲታረም ጠይቁ። «ሻይ ደፍተው» ብሎ ከጻፈ የአየር መንገዱ ጠበቃ የሚያነበው እሱን ነው። ድንጋጤ ብቻውን ደግሞ አሜሪካ ውስጥ አያስከፍልም፤ ከ1991 ጀምሮ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አቋም ያ ነው፣ ከቃጠሎው ጋር ተያይዞ ግን ይነሣል።

ወደ ጥያቄሽ፦ ለየትኛውም ጠበቃ «ይርጋው (ክስ የማቅረቢያ ጊዜው) ስንት ነው?» በይው። መልሱ 2 ዓመት ነው፣ አውሮፕላኑ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ። ሜሪላንድ ያለ ጠበቃ በልማድ «3 ዓመት» ካለሽ ተነሺ፤ እሱ የመኪና አደጋ ይርጋ ነው። ከአየር መንገዱ ጋር መጻጻፍም አያቆመውም፤ ክሱ ፍርድ ቤት መግባት አለበት። ሁለተኛ፣ አሌክሳንድሪያ ፌዴራል ፍርድ ቤት ለመቆም ፈቃድ አለው ወይ? በፍጥነቱ ጠበቆች «ሮኬት ዶኬት» የሚሉት እሱ ነው፤ ቀጠሮ የሚያራዝም ሰው እዚያ አይሆንም። ትልልቆቹ የአቪዬሽን ቢሮዎች ይህን ያህል ቃጠሎ ላይቀበሉት ይችላሉ፣ ትንሽ ነው ይሉታል። ቃጠሎው ጠባሳ ካልተወና ወጪው ከጥቂት ሺህ ካላለፈ ራሳችሁ መጻፉ ያዋጣል።

ባለ ካምሪው
ኮሎምቢያ ፓይክ ያለው ይህን ሁሉ ያውቃል።

ዓባይ ማዶ
ይርጋው ስንት ነው ብለህ ጠይቀው እስቲ።

ባለ ካምሪው
ጠበቃዬን ፈተና ልፈትን? ነውር ነው።

ሙኒክ ሰፈር
የአሌክሳንድሪያዋ፣ የጅራት ቁጥሩን አገኘሽው? የትኛውን መረጣችሁ?

ማኪያቶ ቀጭን
ይቅርታ የሻንጣው ነገር፣ 7 ቀን የተባለው ቅዳሜና እሑድን ይቆጥራል? ዛሬ 8ኛ ቀኔ ነው።