ኤኤምፒኬ ስብን ያቃጥላል ወይስ ረኃብን ይቀሰቅሳል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ኤኤምፒኬ የተባለው ኢንዛይም በጡንቻ ውስጥ ስብ እንዲቃጠል፣ በአንጎል ውስጥ ግን የምግብ ፍላጎት እንዲጨምር ያደርጋል መባሉ ግራ አጋብቶኛል። ሜትፎርሚንም ይህንኑ ኢንዛይም የሚያነቃ ከሆነ፣ መድኃኒቱን የሚወስዱ ብዙ የስኳር ሕመምተኞች የምግብ ፍላጎታቸው የሚቀንሰው ለምንድን ነው?

መልስ፦ ጥያቄዎ ተገቢ ነው፤ ሆኖም የኢንዛይሙ ሥራ በሁለቱም ቦታ አንድ ነው ብዬ አምናለሁ። በሕዋሱ ውስጥ ኃይል የሚያቀብለው ሞለኪውል ኤቲፒ ሲያንስና ኤቲፒ ሲያልቅ የሚበዛው ኤኤምፒ ሲጨምር ይነቃል፤ ከዚያም የኃይል ጉድለቱ እንዲሞላ ያደርጋል። በጡንቻ ውስጥ አሴቲል-ኮኤ ካርቦክሲሌዝ በተባለው ኢንዛይም ላይ ፎስፌት ጨምሮ ስለሚገታው፣ ይህ ኢንዛይም የሚሠራው የማሎኒል-ኮኤ መጠን ይወርድና፣ ማሎኒል-ኮኤ ዘግቶት የነበረው የስብ አሲዶች ኃይል ወደሚመነጭበት የሕዋስ ክፍል (ማይቶኮንድሪያ) የሚገቡበት መንገድ ይከፈታል። ረኃብን በሚቆጣጠረው የአንጎል ክፍል፣ በሃይፖታላመስ ውስጥ ደግሞ ጾምና ከጨጓራ የሚመነጨው ሆርሞን ግሬሊን ሲያነቁት የመብላት ፍላጎት ይጨምራል፤ ከስብ ሕዋሳት የሚመጣው ሆርሞን ሌፕቲን ግን ኢንዛይሙን ይገታዋል። ይህም በ2004 በታተሙ የአይጥ ጥናቶች ታይቷል። ጡንቻው የተከማቸውን ነዳጅ ያወጣል፣ አንጎል አዲስ ያስመጣል።

ሌላ መልስ፦ ከላይ በተሰጠው ማብራሪያ እስማማለሁ። ስለ ሜትፎርሚን ግን ሁሉን ነገር ለኤኤምፒኬ መስጠት አይገባም፤ በ2010 በታተመ ጥናት፣ ጉበታቸው ይህ ኢንዛይም የሌለው አይጦችም በመድኃኒቱ ስኳራቸው ወርዷል። የምግብ ፍላጎትን በተመለከተ፣ መድኃኒቱ ጂዲኤፍ15 የተባለውን ሆርሞን በደም ውስጥ ከፍ ያደርጋል፤ ሆርሞኑም ከአንጎል ግንድ ተቀባዩ ጋር ተጣምሮ ፍላጎቱን ይቀንሳል።