የ1970 ኤምጂቢ ሮድስተር፦ ሲሞቃት ትጠፋለች፤ ጠግኜ ልሽጣት ወይስ እንዳለች?

ሰማያዊ ሮድስተር

ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። መኪናዋ የ1970 (እ.ኤ.አ.) ኤምጂቢ ሮድስተር፣ ጣሪያዋ የሚታጠፍ የእንግሊዝ መኪና ናት፤ 1798 ሲሲ፣ ሁለት ኤስዩ ኤችኤስ4 ካርቡሬተር፣ ባለ 4 ማርሽ ከነኦቨርድራይቩ፣ ባለ ሽቦ ቸርኬ። ያለችው ቨርጂኒያ ነው፤ የአንቲክ ታርጋ አላት። ሁለት ዓመት ቆማ ነበር።

ብርድ ላይ በአንድ ቁልፍ ትነሣለች። ከ20 እስከ 25 ደቂቃ ከተነዳች በኋላ፣ በተለይ ሙቀት ባለበት ቀን፣ ትንተባተብና ቀጥ ትላለች። ሩብ ሰዓት ካረፈች ትነሣለች፤ 5 ደቂቃ ሄዳ ያንኑ ትደግማለች። ከሦስት ወር በፊት አንድ ጋራዥ የብልጭታውን ዕቃዎች፣ ካንዴላ፣ ፑንቲና፣ ኮንደንሰርና ኮይል ቀይሮላታል፤ መጥፋቱ የጀመረው ከዚያ በኋላ ይሁን በፊት መለየት አልቻልኩም። የዘይት ግፊቱ ሞቃ በ3000 ዙር 60 ፒኤስአይ፣ በሚኒሞ 20 ነው። ኮምፕሬሽኑ 155፣ 160፣ 150፣ 155።

ከግራው በር ሥር ያለው ላሜራ፣ ሲል የሚሉት፣ ካቻቢቴ ሲነካው ይበሳል። የቀኙ ጠንካራ ይመስላል። ቀለሟ ደብዝዟል፤ ወንበሯና የጨርቅ ጣሪያዋ ደህና ናቸው። አንድ ነጋዴ «እንዳለች በ3,500 ዶላር ልውሰዳት» ብሏል። መጥፋቱ ከምንድን ነው? ከመሸጧ በፊትስ ምኑን ልጠግን፣ ምኑን ልተው?

ፑንቲና

ወንድሜ፣ መጀመሪያ መጥፋቱን እንጨርስ። ሞቃ የምትጠፋና ቀዝቅዛ የምትነሣ ኤምጂቢ ያጣችው ወይ ብልጭታ ነው ወይ ቤንዚን። የቱ እንደሆነ የሚታወቀው በጠፋችበት ደቂቃ ብቻ ነው፤ ተጎትታ ቤት ከደረሰች ሁሉም ነገር ደህና ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ ስትወጣ ትርፍ ካንዴላና መልቲሜትር ይዘህ ውጣ።

ቀጥ ስትል የሰርባቶዮውን ክዳን ክፈት። አየር ስብ አድርጎ ሲገባ ከሰማህ መተንፈሻው ተዘግቷል፤ የቤንዚን ፖምፓው ባዶ ሲስብ ነበር ማለት ነው። ዝም ካለ ሞተሪኖውን ሳትነካ ቁልፉን ብቻ ክፈትና ወደ ኋላ አድምጥ። ፖምፓው ከታች በቀኝ በኩል ከባትሪው ሣጥን አጠገብ ነው። ጤነኛ ከሆነ ጥቂት ጊዜ ጠቅ ጠቅ ብሎ ያርፋል። ጭራሽ ድምፅ ከሌለው በካቻቢቴ እጀታ ቀስ አድርገህ ምታው፤ በምቱ ከተነሣ የራሱ የውስጥ ፑንቲና ተበልቷል። ሳያርፍ የሚንጣጣ ከሆነ ደግሞ ወይ አየር ይስባል፣ ወይ የሆነ ቦታ ያፈስሳል።

ፖምፓው የሚገፋውን የቤንዚን መጠን ግን ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ፈትነው። በዚህ ሞተር ካርቡሬተሮቹና የጭስ ማውጫው በአንድ ጎን፣ አንዱ ከሌላው በላይ ናቸው፤ የጋለ ብረት ላይ ቤንዚን ማንጠባጠብ አያስፈልግም። ቱቦውን ከካርቡሬተሩ ፍታና ጠርሙስ ውስጥ ክተት፤ በአንድ ደቂቃ ቢያንስ ግማሽ ሊትር ካልሞላ ፖምፓው ወይም መስመሩ ታሟል። ፖምፓ ከቀየርክ ግፊቱ ወደ 3 ፒኤስአይ የሆነ ይሁን። ለሌላ መኪና የተሠራ ባለ 6 ወይም 7 ፒኤስአይ ከገጠምክ የኤስዩን ካርቡሬተር የቤንዚን መዝጊያ መርፌ ከመቀመጫው ያነሣውና ቤንዚኑ ሞልቶ ይፈሳል። በካርቡሬተሮቹና በጭስ ማውጫው መሀል ያለው የሙቀት መከላከያ ላሜራም በቦታው መኖሩን እግረ መንገድህን እይ፤ ብዙ ጋራዥ ፈትቶት ሳይመልሰው ይቀራል።

እኔ ግን የምጠረጥረው ብልጭታውን ነው፤ ያውም ያን አዲስ ኮይል። የ1970ው መኪና ያለ ባላስት (ወደ ኮይሉ የሚሄደውን ኃይል የሚቀንስ ተጨማሪ መቋቋሚያ) የሚሠራ ባለ 12 ቮልት ኮይል ነው የሚፈልገው፤ የመጀመሪያው ጥቅል መቋቋሚያው ወደ 3 ኦም ነው። ከ1975 ወዲህ ላሉት ኤምጂቢዎች የሚሸጠው ኮይል ግን መሥመሩ ላይ ባላስት ስላለ 1.5 ኦም ገደማ ነው። መልኩ፣ ቁመቱና ማሰሪያው አንድ ዓይነት ስለሆነ ሻጩም ገጣሚውም ይሳሳታል። ሂሳቡን እየው፦ 14 ቮልት ለ3 ኦም ሲካፈል 4.7 አምፔር ነው፤ ለ1.5 ሲካፈል ከ9 በላይ። ያ ሁሉ ኮይሉን ያግለዋል፤ ፑንቲናውንም ይበላዋል። መጀመሪያ ላይ እንዲያውም ከድሮው የተሻለ ብልጭታ ስለሚሰጥ ማንም አይጠረጥረውም፤ ከ20 ደቂቃ በኋላ ሲግል ነው የሚከዳው። የአንተ ምልክት ቃል በቃል ይኸው ነው።

ለመለካት ቁልፉን ዝጋ፣ ሁለቱን ቀጫጭን ሽቦዎች ከኮይሉ ንቀል፣ መልቲሜትሩን በትንሹ ኦም ላይ አድርገህ ሁለቱን ማሰሪያዎች ንካ። የመለኪያውን የራሱን ሽቦዎች አገናኝተህ የሚያሳየውን ቁጥር ቀንስ።

ኮይሉ 3 ኦም ሆኖ ከተገኘ ቀጣዩ ተጠርጣሪ ኮንደንሰሩ ነው፤ አሁን የሚሸጡት ብዙዎቹ ከሳጥናቸው ሲወጡም ደካማ ናቸው። ከዚያ ብልጭታውን ለየካንዴላው የሚያዳርሰው ሮተሩ። በላዩ የናስ ምስማር የሚታይበት ርካሽ ሮተር ሲሞቅ ብልጭታውን በፕላስቲኩ ውስጥ ወደ መሀል ዘንጉ ያሳልፈዋል። ምስማር የሌለው ይሻላል።

ጋሽ ላሜራ

ስለ ብልጭታው ፑንቲና ብሎታል። እኔ ስለ ሲሉ ልናገር፤ የመኪናዋን ዋጋ የሚቆርጠው እሱ ነውና።

ኤምጂቢ ቻሲስ የላትም፤ ሰውነቷ ራሱ ነው የሚሸከማት። ሮድስተሯ ደግሞ የብረት ጣሪያ ስለሌላት ከፊትና ከኋላ ያለውን የሚያያይዙት ሁለቱ ሲሎችና መሀል ላይ ያለው የካምቢዮው ዋሻ ናቸው። ሲል ሲባል ከውጭ የሚታየው ላሜራ ብቻ አይምሰልህ። የውጭው አለ፣ በመሀል የቆመ ግድግዳ አለ፣ ከታች ደግሞ እንደ ግንብ ጥርስ ወጣ ገባ ያለ ሐዲድ አለ፤ እንግሊዞቹ «ካስል ሬል» ይሉታል። ዝገቱ የሚጀምረው ከውስጥ ነው። ካቻቢቴ ውጭውን ከበሳ የመሀሉ ግድግዳ ቀድሞ አልቋል ብለህ ተነሣ።

ገዢ ሳይመጣ ይህን አድርግ። የበሩን የላይኛውን ክፍተት ከፊትና ከኋላ በሚሊሜትር ለካ። ከዚያ በግራ በኩል ከኋላው ባሌስትራ የፊት ማሰሪያ ሥር ክሪክ አግባና የኋላው ጎማ እስኪነሣ አንሣ፤ ክፍተቱን ደግመህ ለካ። ካልተለወጠ ደግ ነው። ከጠበበ ወይም በሩ አልከፈት፣ አልዘጋ ካለ ወገቧ ተሰብሯል። ሁለተኛ፣ ከሥር ተኝተህ በሁለቱም በኩል ያን ወጣ ገባ ሐዲድ ፈልግ። በቀኝ በኩል «ጠንካራ ይመስላል» ያልከው፣ ሐዲዱ የማይታይና ለስላሳ ላሜራ ብቻ ከሆነ፣ በአሮጌው ላይ አዲስ ተለጥፎበታል። ማግኔት በጨርቅ ጠቅልለህ ከበሩ ኋላ ወደ ጎማው የምትወርደውን ጥግ ንካ፤ ካልያዘ ስቱኮ ነው።

በትክክል ከተሠራ ሥራው ቀላል አይደለም። የውጭው ሲል ወደ ፊት ፓራፋንጎው ሥር፣ ወደ ኋላም ከጎኑ ላሜራ ሥር ይገባል። የፊቱ በቡሎን የታሰረ ስለሆነ ይፈታል፤ የኋላው ጥግ ግን መቆረጥ አለበት። ከመቁረጡ በፊት መኪናዋ በራሷ ጎማ ላይ እንደቆመች ዓይነት ተደግፋ፣ የበሩ ቀዳዳ በብረት ዘንግ ከላይ ከታች ተወጥሮ ይበየዳል። አንዱ ጎን ሳያልቅ ሌላው አይነካም። ይህን ያልጠበቀ በያጅ ከሠራው በኋላ በሩ ዳግመኛ አይገጥምም። የሚገጠመው ላሜራ የብሪቲሽ ሞተር ሄሪቴጅ ቢሆን ይመረጣል፤ ከድሮው የፋብሪካ ሻጋታ ስለሚወጣ ብዙ አያስቀጠቅጥም።

ለሽያጭ ብለህ ግን አታሠራው። ሲሉ፣ የኋላው ጥግና ቀለሙ አንድ ላይ ከመጡ ያወጣኸውን ገዢ አይመልስልህም። ከሁሉ የከፋው በላዩ ላሜራ ለጥፎ ቀለም መቀባት ነው። የሚያውቅ ገዢ ተንበርክኮ ሲያየው በሌላውም ነገር አያምንህም። ክፍቱን ዝገት አሳየው።

የሸማች ዓይን

ከጋሽ ላሜራ ጋር በአንድ ነገር አልስማማም። የሰውዬው መኪና ቀኙ እውነት ጤነኛ ከሆነ፣ ግራው ብቻ በደንብ ተሠርቶ ከመቁረጥ ጀምሮ በየደረጃው ፎቶ ከተነሣ፣ ይሸጣታል። በኤምጂቢ ገበያ ሰው ገንዘብ የሚያወጣው ሲሉ ላይ ነው፤ ቀለም የደበዘዘ ከሆነ ይታለፋል። በሁለቱም በኩል ካለቀ ግን ጋሽ ላሜራ ልክ ናቸው፤ አትንካው።

3,500 አትቀበል። ነጋዴው የቀነሰው «ትጠፋለች» ብለህ ስለነገርከው ነው። ኮምፕሬሽንህ በ10 ፒኤስአይ ውስጥ ነው፤ የዘይት ግፊትህም ለዚህ ሞተር የሚፈለገው ነው። ሞተሩ ጤነኛ ሆኖ ብልጭታዋ የታመመ መኪና «ሞተሯ አይሠራም» በሚል ዋጋ መሄድ የለባትም። በዛ ላይ የ1970ዋ ባለ ክሮም ባምፐር ናት፤ ከ1974 መገባደጃ ጀምሮ ከመጡት ባለ ጥቁር ጎማ ባምፐርና ከፍ ካሉት ይልቅ ትፈለጋለች። የኋላ ባምፐሯ ለሁለት የተከፈለ ከሆነ የዚያ ዓመት ብቻ ምልክት ነው፤ በማስታወቂያው ጻፈው። ያም ሆኖ ብርቅ አይደለችም፤ ከ1962 እስከ 1980 ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ተሠርታለች፤ ገዢ አማራጭ አለው።

ኦቨርድራይቩ እንደሚሠራ ማረጋገጥ ሌላው ገንዘብ ነው። በ4ኛ ማርሽ 60 ማይል ላይ ወደ 3300 ዙር ታሳያለች፤ ስትከፍተው ወደ 2700 መውረድ አለበት። በስልክ ቅረጸው። ካልያዘ ካምቢዮውን ከመክሰስህ በፊት የዘይቱን ልክና በካምቢዮው ክዳን ላይ ያለውን ትንሽ ስዊች እይ።

ገዢው የሚሞክራትን አንተ ቀድመህ ሞክር። ሰው ፍሬን ይዞልህ እያንዳንዱን ጎማ ወደ ፊት ወደ ኋላ ግፋ፤ ቀጭ ካለ የሽቦ ቸርኬው ጥርስ ተበልቷል። ሁለት ዓመት ስለቆመች የኋላ ፍሬን ሲሊንደሮች አፍስሰው ይሆናል፤ ከበሮውን አውልቀህ እይ፣ የፍሬን ዘይቱንም በአዲስ ዶት 4 ለውጥ። ይህ ከዋጋም ይቀድማል፤ ፍሬኗን ያላረጋገጥከውን መኪና ለሙከራ ለሰው አትስጥ። ከወንበሮቹ ኋላ ምንጣፉን ገልጠህ የባትሪ ሣጥኖቹን እይ፤ ሁለት ባለ 6 ቮልት የሚቀመጥባቸው ናቸው፣ አሲድ ይበላቸዋል።

ወረቀቱ ላይ፦ ታይትሉ (የባለቤትነት ወረቀቱ) ላይ ያለው ቁጥር መኪናዋ ላይ ካለው ጋር በፊደል በፊደል ይመሳሰል፤ የዚህ ዘመን ሮድስተር በጂኤችኤን5 ነው የሚጀምረው። ቨርጂኒያ ታርጋው የሻጩ ስለሆነ ፍታው፤ መሸጧንም ለመኪና ምዝገባ መሥሪያ ቤቱ ለዲኤምቪ አሳውቅ። ገዢው የባንክ ቼክ ካመጣ በሰጪው ባንክ መስኮት ሳይረጋገጥ ታይትል አትፈርም።

ቦሎ

ሸጦ ከመጣል አዲስ አበባ ልኮ ለሰርግ ማከራየት አይሻልም? እዚያ እንዲህ ያለች መኪና ጉድ ያሰኛል።

የሸማች ዓይን

ቦሎ፣ ያ በር ተዘግቷል። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ ኢትዮጵያ ማስገባት ተከልክሏል። ከዚያ በፊትም በ2012ቱ የኤክሳይዝ አዋጅ አሮጌ መኪና የሚከፍለው ከመኪናዋ ዋጋ የሚበልጥ ይሆን ነበር።

ሰማያዊ ሮድስተር

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ኮይሉን ለካሁት፦ 1.8፣ የመለኪያው ሽቦ 0.2፤ ስለዚህ 1.6 ኦም። ፑንቲናው አንዱ ፊቱ ጠቁሮ ተቦርቡሯል። ከሥርም ገብቼ አየሁ፤ በቀኝ በኩል ወጣ ገባው ሐዲድ በግልጽ ይታያል። በክሪክ ሳነሣት የግራው በር ክፍተት በ1 ሚሊሜትር ነው የተለወጠው። ኮይሉን ስቀይር አብሮ የሚቀየር ነገር አለ?

ፑንቲና

ፑንቲናውን አብረህ ቀይር፤ የተቦረቦረውን በሞረድ አታስተካክለው። ክፍተቱ ከ0.35 እስከ 0.40 ሚሊሜትር፣ የሚለካውም የፑንቲናው ተረከዝ በካሙ ጫፍ ላይ ሲቆም ነው። ካሙን በጥቂቱ ግራሶ ቀባ፤ ደርቆ ከሠራ ተረከዙ ይበላና ክፍተቱ ይጠባል፣ ታይሚንጉም (ብልጭታው የሚመጣበት ቅጽበት) አብሮ ይዘገያል። ስለዚህ ታይሚንጉን ከፑንቲናው በኋላ እንጂ በፊት አታስተካክል።

ቫልቮቹንም ሳትለካ ካርቡሬተር አትንካ። ቀዝቃዛ ሞተር ላይ 0.38 ሚሊሜትር፣ በ9 ደንብ፦ 8ኛው ቫልቭ ሙሉ በሙሉ ሲከፈት 1ኛውን፣ 6ኛው ሲከፈት 3ኛውን፣ ሁልጊዜ ድምሩ 9 እንዲሆን። ከዚያ የካርቡሬተሮቹን ዳምፐር ክፈትና ባለ 20 ዘይት ጨምር። ዳምፐሩን ስትመልሰው ክዳኑ ሊደርስ አንድ ሴንቲሜትር ያህል ሲቀረው እንቢ ማለት ከጀመረ በቂ ነው። የቤንዚን ቱቦዎቹም ሁለት ዓመት ከቆሙ አትመናቸው፤ ለኢታኖል የሚሆነውን ጎማ ግዛ።

1.6 ኦሙን ኮይል አትጣለው። ሳጥኑ ላይ «ባላስት» ብለህ ጻፍበትና ከመኪናዋ ጋር ለገዢው ስጠው፤ መለኪያውን 1.8 ሲያነብ ያነሣኸው ፎቶ ካለህ ደግሞ ከጥገናው ደረሰኝ ጋር ማስታወቂያው ላይ አድርገው።

ጋሽ ላሜራ

1 ሚሊሜትር ከሆነ ቃሌን አነሣለሁ። ግራውን ብቻ አሠራ፤ ከመዘጋቱ በፊት ግን የመሀሉን ግድግዳ ፎቶ አንሣ። ብየዳው ሲያልቅም ውስጡን በሰም አስረጭ፤ ከታች ያሉትን የውኃ መውጫ ቀዳዳዎች በያጁ እንዳይደፍናቸው ራስህ ቁመህ እይ።