ከጅማ ሆኜ ለስታቲስቲክስ ማስተርስ ላመልክት ነው፤ ከየት ልጀምር?

ጠያቂዋ፣ ከጅማ፦

ሰላም ለሁላችሁም። በስታቲስቲክስ ከጅማ ዩኒቨርሲቲ ተመርቄ አሁን ጤና ጣቢያ ውስጥ የመረጃ ክፍል እሠራለሁ። ሚኒያፖሊስ ያለው አጎቴ «ዳታ ሳይንስ ተማሪ፣ ሥራ ያለው እዚያ ነው፤ የመጀመሪያውን ሴሚስተር እኔ እከፍላለሁ» ይለኛል። ውጤቴ ጥሩ ነው። ኤስፒኤስኤስና አር የሚባሉትን የስታቲስቲክስ ሶፍትዌሮች እችላለሁ፤ ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ግን ገና ነኝ። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፣ ከቤልጅየም፦

እህቴ፣ አጎትሽ ክፉ አላሰበም። ግን ሁለተኛውን ሴሚስተር ማን ይከፍላል? አሜሪካ ውስጥ ዳታ ሳይንስ የሚባለው ማስተርስ አብዛኛው ተማሪው ከኪሱ የሚከፍልበት ነው። እዚያው ግቢ የስታቲስቲክስ ወይም የባዮስታቲስቲክስ ፒኤችዲ የሚማረው ግን ብዙውን ጊዜ እያስተማረ ወይም ምርምር እያገዘ ክፍያው ይሸፈንለታል፤ የወር ገንዘብም ያገኛል። በመጀመሪያ ዲግሪ ብቻ ለፒኤችዲ ማመልከት እንደሚቻል አገር ቤት ብዙ ሰው አያውቅም። ስሙ ዳታ ሳይንስ ሆነ ስታቲስቲክስ አያስጨንቅሽ፤ መጀመሪያ ከፋዩን እዪ።

እኔ ያለሁበት ሃሰልት ዩኒቨርሲቲ የስታቲስቲክስና ዳታ ሳይንስ ማስተርስ አለው። ቭሊር ዩኦኤስ የሚባለው የፍላንደርስ (የቤልጅየም ደች ተናጋሪ ክፍል) ተቋም ለዓመታት ኢትዮጵያውያንን በስኮላርሺፕ አስተምሯል፤ ከጅማ ዩኒቨርሲቲ ጋርም አብሮ ሠርቷል። ዘንድሮ ለአንቺ ዘርፍ መኖሩን ከገጹ አረጋግጪ። በፈረንጆቹ 2003 ኬፕታውን አጠገብ የተጀመረውና ሩዋንዳም ያለው አይምስ (የአፍሪካ የሒሳብ ሳይንስ ተቋም) የሒሳብ ሳይንስ ማስተርስ በሙሉ ስኮላርሺፕ ያስተምራል፤ እሱንም አትናቂው። ጀርመን «ትምህርት በነፃ ነው» ሲሉሽ ባብዛኛው እውነት ነው። የማይነግሩሽ ለቪዛው 11,904 ዩሮ ብሎክድ አካውንት (በየወሩ የተወሰነ ብቻ የሚወጣበት ዝግ ሒሳብ) ውስጥ አስገቢ እንደምትባዪ ነው። እስቲ በብር አስቢው!

ለምን መማር እንደፈለግሽ ለማመልከቻው በምትጽፊው ደብዳቤ ላይ ግን አንቺ የተሻለ ነገር አለሽ። ሁሉም «ከልጅነቴ ጀምሮ ሒሳብ እወዳለሁ» ብሎ ይጀምራል፣ ከዚያ በፈረንጆቹ 2016 በተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ላይ ሎጂስቲክ ሪግሬሽን የሚባለውን የተለመደ ትንተና ሠራሁ ይላል። (እኔም ከነሱ አንዱ ነበርኩ፣ ምን ይደረግ።) አንቺ የዲኤችአይኤስ 2 (የጤና ተቋማት ሪፖርት የሚሰበሰብበት ሥርዓት) ቁጥር ከየት እንደሚመጣ በዓይንሽ ታያለሽ። አንድ ጤና ኬላ በወሩ የወባ ታማሚ ዜሮ ነው ሲል በሽታው ጠፍቶ ነው ወይስ ሪፖርቱ ሳይላክ ቀርቶ? ያልተላከው ሪፖርት ሥራ ከሚበዛበት ኬላ ከሆነ፣ የተላኩትን ብቻ ይዞ የተሰላ አማካይ በሽታውን አሳንሶ ያሳያል። የጎደለ መረጃ ለምን እንደጎደለ መጠየቅ በስታቲስቲክስ ራሱን የቻለ ዘርፍ ነው፤ አንቺ በየወሩ ትጋፈጪዋለሽ። ይህን በአንድ ገጽ ጻፊ፣ ምን እንዳደረግሽበትም ጨምሪ። የግልገል ጊቤው የምርምር ማዕከልም ቅርብሽ ነው፤ ከፈረንጆቹ 2005 ጀምሮ በየቤቱ ልደትና ሞት ሲመዘግብ ኖሯል። በመምህራንሽ በኩል እዚያ መግቢያ ካገኘሽ አትለፊው።

መልስ፣ ከአሜሪካ፦

በወንድማችን ሐሳብ እስማማለሁ፤ አንድ ነገር ልጨምር። ፓይተን በወራት ይለመዳል። ለፒኤችዲ የሚጥለው ሒሳቡ ነው፤ ካልኩለስ፣ ሊኒየር አልጀብራ፣ ፕሮባቢሊቲ፣ በተለይ ደግሞ ሪል አናሊሲስ (ካልኩለስን ከነማረጋገጫው የሚያስተምረው ኮርስ)። የመጨረሻውን ካልወሰድሽ ከሒሳብ ክፍል ጠይቀሽ ውሰጂ። ጂአርኢ የሚባለውን የመግቢያ ፈተና ከፈረንጆቹ 2020 ወዲህ ብዙ ክፍሎች ትተውታል ወይም አማራጭ አድርገውታል፤ ሳታረጋግጪ ገንዘብ አታውጪበት።

አጎትሽ በእውነት ሊረዳሽ ከፈለገ የማመልከቻውንና የእንግሊዝኛ ፈተናውን በካርዱ ይክፈልልሽ፤ ከጅማ ሆኖ የሚያስቸግረው ይኸው የዶላር ክፍያ ነው። ለማመልከቻው ክፍያም ዌቨር (ክፍያው እንዲቀርልሽ) ጠይቂ፤ ብዙ ቦታ በአንድ ኢሜይል ይሰጣሉ። ቀኑ ብዙውን ጊዜ በፈረንጆቹ ዲሴምበር ይዘጋልና መምህራንሽን የድጋፍ ደብዳቤ እንዲጽፉልሽ ከመስከረም ሳታሳልፊ ጠይቂያቸው። «አንቺው ጻፊውና እፈርማለሁ» የሚል መምህር ካጋጠመሽ የሠራሽውን ዘርዝረሽ ስጪው፤ ደብዳቤውን ግን እሱ ይጻፈው፣ ከዩኒቨርሲቲው ኢሜይልም ይላክ። በአንድ እጅ የተጻፉ ሦስት ደብዳቤዎች ያስታውቃሉ።

ጠያቂዋ፦

ሁለታችሁንም አላህ ይስጥልኝ። ኮስት ሼሪንግ ስላልጨረስኩ ኦሪጅናል ዲግሪዬ አልወጣም። ይከለክለኛል?

መልስ፣ ከአሜሪካ፦

ለማመልከት ብዙ ቦታ የትራንስክሪፕቱ ስካን ይበቃል፤ ኦፊሻሉን የሚጠይቁሽ ከተቀበሉሽ በኋላ ነው። ያኔ ግን ጊዜው ስለሚያጥር ዕዳውን ከአሁኑ መክፈል ጀምሪ። ከስኮላርሺፕ ጋር የተቀበለሽ ሁሉ «ነገ መልሺ» ቢልሽ አትደንግጪ፤ የኤፕሪል 15 ስምምነት የሚባለውን የተቀበሉ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች እስከዚያ ቀን መልስ እንድትሰጪ ሊያስጨንቁሽ አይችሉም። ስምሽም ፓስፖርቱና ትራንስክሪፕቱ ላይ በእንግሊዝኛ አንድ ዓይነት መጻፉን ዛሬውኑ እዪ፤ ካልሆነ ነገ ሬጅስትራር ሂጂ።