ከበረዶ መንደሩ በላይ ሆነን በረዶ የሌለን ለምንድነው?

የሱሉልታው፦ ሰላም ወገን። እህቴ ፈረንሳይ፣ ቫል ቶራንስ የሚባል የአልፕስ ተራሮች የስኪ (በበረዶ ላይ መንሸራተቻ) መንደር ሆቴል ውስጥ ሀውስኪፒንግ ገብታለች። "የክረምት ኮንትራት ነው" ስትለኝ ሐምሌና ነሐሴ መስሎኝ ነበር፣ ለካ የነሱ ክረምት ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ነው። ከፍታውን ሳየው 2,300 ሜትር። እኛ ሱሉልታ 2,700 ገደማ ላይ ነን እኮ! እሷ በረዶ ስትዝቅ እኔ ፀሐይ አናቴን እየበሳኝ ነው። ደግሞ ሚያዝያ ሲያልቅ መንደሩ ይዘጋል አለችኝ። መንደር እንዴት ይዘጋል?

ካርታ አንባቢ፦ ከፍታ ብቻውን አይበቃም። እኛ ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ብንርቅ ነው፣ እነሱ 45። ታኅሣሥ ላይ ቀናቸው 9 ሰዓት እንኳን አይሞላም፣ ፀሐይዋም ዝቅ ብላ ነው የምታልፈው። የሱሉልታ ውርጭ ጠዋት ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ይጠፋል፣ የነሱ በረዶ ግን ተቆልሎ ይከርማል። በዛ ላይ በጋ ላይ ሰማያችን ደረቅ ነው፤ ብርዱ ቢኖርስ ምን ይወርዳል?

ሁለት ወቅት፦ እዛው አካባቢ ሁለት ወቅት ኩሽና ሠርቻለሁ፣ አሁን ለገጣፎ ነኝ። መዘጋቱ እውነት ነው። ቫል ቶራንስ የገበሬ መንደር አልነበረም፤ በፈረንጅ 1970ዎቹ መጀመሪያ ለስኪ ተብሎ የተሠራ ነው፣ ከከፍታው የተነሳ ዛፍ እንኳን የለውም። ኬብል ካሩ ሲቆም ሆቴሉም ሱቁም ይዘጋል፣ ሠራተኛው ይበተናል። ግንቦት በጣም ያስጠላል፦ ጭቃ፣ ቢጫ ሣር፣ በረዶው ደብቆት የከረመው የሲጋራ ቁራጭና አንድ እግሩ የጠፋ ጓንት። ሐምሌ ላይ ሳይክል ነጂውና በእግር ተጓዡ ይመጣል፣ ላሞችም ደወል አንጠልጥለው ከታች ወደ ተራራው ወጥተው ይግጣሉ። አደይ እኛ ጋ ስትፈነዳ እነሱ ላሞቹን እያወረዱ ነው።

እህትህን አንድ ነገር ጠይቃት፣ መኝታዋ እስከ መቼ ነው? የኔ አሠሪ ሳይነግረኝ የመጨረሻው ቀን ማታ ክፍሉን ልቀቅ አለኝ፣ ሻንጣዬን ይዤ አውቶቡስ ማቆሚያ አደርኩ። ጥቁር መነጽርም ትግዛ፣ የበረዶ ላይ ፀሐይ ዓይን ይጎዳል።

እንጦጦ ሯጭ፦ ስኪ የኛ አይደለም የሚል ካለ፣ ሮቤል ተክለማርያም በ2006 (እ.ኤ.አ.) ቱሪን የክረምት ኦሎምፒክ ላይ ለኢትዮጵያ ተወዳድሯል። ያለ በረዶ አገር!

የሱሉልታው፦ ደወልኩላት። ክፍሉ ኮንትራቱ ባለቀ ማግስት ይለቀቃል ተብሎ በፈረንሳይኛ ተጽፏል፣ እሷ አላነበበችውም ነበር። @ሁለት ወቅት ኑርልኝ።