አስቸኳይ፦ የዓሣ ቅሪተ አካል ያለበት ድንጋይ እየተላጠብኝ ነው

ቲቸር (ሐዋሳ)፦
እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። አጎቴ ባቱ (ዝዋይ) አካባቢ ጉድጓድ ሲያስቆፍር ነጭ ድንጋይ ወጣ፤ አንዱ ለሁለት ሲሰነጠቅ ውስጡ ሙሉ ዓሣ ተገኘ። መዳፍ ያህላል። አከርካሪው፣ የጎን አጥንቶቹ፣ የጅራቱ ክንፍ ሳይቀር ቁልጭ ብሎ ይታያል። ትናንት ማታ በላስቲክ ተጠቅልሎ ሲደርሰኝ ደህና ነበር። ጠዋት ፈትቼ ጠረጴዛ ላይ አኖርኩት፤ አሁን ጠርዙ እንደ ወረቀት እየተነሳ ነው፣ ከአንገቱ በኩልም ቅርፊቶች ወድቀዋል። የጭንቅላቱ ግማሽ ገና ድንጋይ ውስጥ ነው። እሱን አውጥቼ፣ ቫርኒሽ ቀብቼ በትምህርት ቤታችን ላቦራቶሪ ላስቀምጠው ነው ሐሳቤ። በምን ልጠበው? ምን ልቀባው?

ታቦር ሥር፦
አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ውሰጂው፣ ቅርፊቱን ገፈው በሚጥሚጣ ያቀርቡልሻል። ይቅርታ ቲቸር፣ አላስቻለኝም። ዓሣው ግን ቆሮሶ (ቲላፒያ) ነው? የጀርባ ክንፉ ፊት ለፊቱ እሾህ እሾህ ካለው ቆሮሶ ሳይሆን አይቀርም። ፎቶ ልቀቂ።

ባለ ጋራዥ፦
ሱፐር ግሉ። ጠርዙ ላይ ጠብ ጠብ አድርጊበት፣ አለቀ።

ነባር አባል (አዳማ)፦
እህቴ፣ መጀመሪያ የያዝሽው ምን እንደሆነ ማወቅ ይጠቅምሻል። ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ አብጃታና ሻላ ዛሬ አራት ይሁኑ እንጂ ድሮ አንድ ትልቅ ሐይቅ ነበሩ። ከ10 ሺህ እስከ 5 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት በነበረው ዝናባማ ዘመን ውሃው ከዛሬው የሻላ የውሃ ገጽ ከ100 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ፣ ሞልቶ ሲፈስ በመቂ በኩል ወደ አዋሽ ይወርድ ነበር። ያ ሐይቅና ከእሱ የቀደሙት ወለላቸው ላይ ደለል ትተዋል፤ ዓሣሽም እዚያ ውስጥ የተቀበረ ይመስለኛል። አጠራረጉን በተመለከተ ደግሞ በዓለም የታወቀው መንገድ የአሲድ ነው። ቱምብስና ሪክሰን የሚባሉ ባለሙያዎች በ1950 ባሳተሙት ዘዴ የዓሣው የሚታየው ገጽ በፕላስቲክ ሙጫ ይታሸጋል፣ ከዚያ ድንጋዩ ከጀርባው በአሲድ ይሟሟል፤ አጥንቱ ሙጫው ላይ ይቀራል። ኮምጣጤ ከማንኛውም ሱቅ ይገኛል፤ በሱ ሞክሪው።

ቅሪተ አካል ጠራጊ፦
ቲቸር፣ ሌላውን ሁሉ ተዪና አሁኑኑ ድንጋዩን መልሰሽ ጠቅልዪው! የሚላጠው ከመሬት ይዞት የወጣው እርጥበት በአንድ ጊዜ ስለለቀቀው ነው። ላዩ ደርቆ ሲኮማተር ውስጡ ገና እርጥብ ነው፤ ስለዚህ ንብርብሩ ይነሳል። ፀሐይ፣ ፋን፣ የፍሪጅ ጀርባ አይጠጋው። ውሃም እንዳትረጪበት፤ የተነሳው ንብርብር ውሃ ሲጠጣ ጨርሶ ይፈርሳል።
አሁን ሦስት ነገር ንገሪኝ። ድንጋዩ ሲያነሱት ከመጠኑ ይቀላል? የወደቀች ፍርፋሪ ምላስሽ ላይ ብታስነኪያት ትጣበቃለች? ዓሣ በሌለበት ማዕዘን ላይ አንድ ጠብታ ኮምጣጤ ብታደርጊ አረፋ ያወጣል?

ባለ ጋራዥ፦
ሱፐር ግሉ ነው የምላችሁ። የራዲያተር ስንጥቅ ሳይቀር ይይዛል።

ቲቸር (ሐዋሳ)፦
ጠቅልዬዋለሁ። በጣም ይቀላል፣ እንደ ጠመኔ ነው። ምላስ ላይ ይጣበቃል። ኮምጣጤው ምንም አላደረገውም፣ ዝም ብሎ መጠጠው። የጀርባ ክንፉ እሾህ አለው፣ አዎ። ከውበት ዕቃ መሸጫ አሴቶን ገዝቻለሁ፤ ለማድረቅ ይሆናል ብለውኝ።

ቅሪተ አካል ጠራጊ፦
እንግዲያው ዲያቶማይት ነው፤ እዚያው አዳሚ ቱሉ የሚወጣው ዓይነት። ዲያቶም የሚባሉ በዓይን የማይታዩ የውሃ አልጌዎች ቅርፊት ተከማችቶ የሠራው ደለል ነው፤ ቅርፊታቸው ሲሊካ ነው፣ እንደ አሸዋና መስታወት። ነባር አባል ይቅር ይበሉኝ፣ የጻፉት ዘዴ እውነተኛ ነው፤ ግን ለኖራ ድንጋይ ነው። ሲሊካን ኮምጣጤ አይነካውም። የሚበላው የዓሣውን አጥንት ነው። እንዲህ ያለ የቅርብ ዘመን አጥንት ብዙውን ጊዜ ገና ወደ ድንጋይነት አልተለወጠም፤ እንደ ደረቅ አጥንት ስብርብር ያለ ነው። አንድ ቀን ኮምጣጤ ውስጥ ቢያድር ድንጋዩ እንዳለ ሆኖ ዓሣው ሊጠፋ ይችላል።
የውበት ሱቁ አሴቶን የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ነው፤ ውሃ፣ ቅባት፣ ሽቶና ቀለም ይገባበታል። አትጠቀሚበት።

ነባር አባል (አዳማ)፦
ስለ ኖራው ልክ ብለሃል። ኮምጣጤውን ተዪው እህቴ።

የጥርስ ክሊኒክ፦
ለመሣሪያው፣ እኛ የጥርስ ቆሻሻ የምንፈትሽባቸው ሹል መንቆሮች ሲደክሙ ይጣላሉ፤ ከክሊኒክ ጠይቂ። ከእንጨት እጀታ ጋር የታሰረ የልብስ መርፌም ይሆናል። ማጉያ መነጽርና ከጎን የሚያበራ መብራት ግን ግድ ነው፤ ከላይ ብቻ ካበራሽ አጥንቱና ድንጋዩ አይለዩም። ማስክም አድርጊ፣ የዲያቶማይት ብናኝ ለሳንባ ጥሩ አይደለም።

ሕግ አዋቂ፦
ማንም ያላነሳውን ላንሳ። ለምን ትጠርጊዋለሽ? በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት በቁፋሮ ድንገት ቅርስ ያገኘ ሰው እንዳለ ጠብቆ ለቅርስ ባለሥልጣን ማሳወቅ አለበት። የትምህርት ቤት መደርደሪያ ቦታው አይደለም።

ቲቸር (ሐዋሳ)፦
ልሸጠው አይደለም እኮ! ተማሪዎቼ ዝግመተ ለውጥን ከመጽሐፍ ሥዕል ብቻ ነው የሚያዩት። እየፈረሰ ያለ ነገር በእጄ ይዤ ቢሮ ለቢሮ ልዙር?

ቅሪተ አካል ጠራጊ፦
ሕግ አዋቂ ልክ ነው፤ አንቺም ልክ ነሽ። ማሳወቁ በስልክ ይጀመራል፤ ማዳኑ ዛሬ ነው። የተገኘበት ወረዳ ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ንገሪ። እነሱ እስኪመጡ መጥረጉን ተዪና ማድረቁ ላይ አተኩሪ። ጭንቅላቱ ድንጋይ ውስጥ መሆኑ ጉዳት አይደለም፤ የተሸፈነው ክፍል ከሁሉም የተሻለ የተጠበቀው ነው።
አደራረቁ እንዲህ ነው። በለስላሳ ወረቀት ጠቅልለሽ፣ አሸዋ በሞላው ከረጢት ላይ አስተኝተሽ፣ ከላይ ላስቲክ አልብሺው። ላስቲኩን በመርፌ ጥቂት ቦታ ብሺው። ጥላ ውስጥ ይቀመጥ። በየጥቂት ቀኑ ወረቀቱን ቀይሪ፣ ቀዳዳውን ጨምሪ፤ ሻጋታ ከሸተተሽ ቶሎ ክፈቺው። የወጥ ቤት ሚዛን ካለሽ እየመዘንሽ ጻፊ፤ ክብደቱ መቀነሱን ሲያቆም ደርቋል ማለት ነው። ሳምንታት ሊፈጅ ይችላል፣ አትቸኩዪ።
ሲደርቅ ማጠንከሪያው ፓራሎይድ ቢ-72 ነው፤ በሙዚየሞች የሚሠራበት ሙጫ። በንጹህ አሴቶን 3 በመቶ ገደማ ይሟሟል፣ ማለትም 100 ሚሊ ሊትር ውስጥ 3 ግራም። የፓራሎይዱን ፍሬዎች በስስ ጨርቅ ቋጥረሽ አሴቶኑ ውስጥ ከላይ አንጠልጥያቸው፤ ታች ከወደቁ ይጋገራሉ። በጠብታ ስንጥቁ ጠርዝ ላይ ስታደርጊ ራሱ ስቦ ይገባል። ካብረቀረቀ በዝቷል። ጥቅሙ፣ ነገ የተሻለ ባለሙያ ቢመጣ በአሴቶን መልሶ ሊያወጣው መቻሉ ነው። ሱፐር ግሉን በቀላሉ መልሶ የሚያወጣው የለም፣ ቫርኒሽም ያው ነው። ግን እርጥብ ድንጋይ ላይ ፓራሎይዱም ነጭ ጭጋግ ይሆናል፤ ለዚህ ነው ማድረቁ የሚቀድመው። አሴቶን ከከሰልና ከምድጃ ይራቅ። ፓራሎይዱ ካልተገኘ ምንም አትቀቢ፤ ያልተቀባ ቅሪተ አካል በስህተት ከተቀባው ይሻላል።
መርፌ የምታነሺበት ቀን ከመጣ፣ መርፌውን አስተኝተሽ ከአጥንቱ ወደ ውጭ ግፊ እንጂ ወደ አጥንቱ አትውጊ። የወደቁትን ቅርፊቶች በወረቀት ጠቅልለሽ ከየት እንደወደቁ በእርሳስ ጻፊበት።

ባለ ጋራዥ፦
እኔ ለድንጋይ ነው ያልኩት፣ ለአጥንት አላልኩም።

ታቦር ሥር፦
ቲቸር፣ ለሁለት ተሰነጠቀ ብለሻል። ሁለተኛው ግማሽ የት ነው?

ቲቸር (ሐዋሳ)፦
አጎቴ ግቢ ነው። ዓሣው ስለሌለበት፣ የዓሣው ቅርጽ ብቻ ስለታተመበት ተውነው።

ቅሪተ አካል ጠራጊ፦
ይፈለግ! አንቺ ጋ የሌሉት አጥንቶች እዚያኛው ላይ ተጣብቀው ቀርተው ይሆናል፤ ዝርያውን የሚለየው የክንፍ እሾህ ቆጠራም ከሁለቱ ተደምሮ ነው የሚገኘው። ለአጎትሽ ደውዪላቸው። እንዳይታጠብ፣ እንዳይጠረግ። ያለበት ቦታ ከማስመሪያ ጋር ፎቶ ይነሳ፣ ጉድጓዱ ውስጥ በስንት ሜትር ጥልቀት እንደወጣ ቆፋሪዎቹ ሳይበተኑ ይጠየቁ። ከዚያ በወረቀት፣ ከላይ በላስቲክ። ከአንቺው ድንጋይ ጋር ፊት ለፊት ገጥመሽ አታስሪው፣ እርስ በርስ ይፋጫሉ።

ቲቸር (ሐዋሳ)፦
እየደወልኩ ነው፣ አያነሱም።

ታቦር ሥር፦
ጎረቤት የለም? ዛሬ ደመናው ከብዷል፤ ባቱም ዘንቦ ከሆነ ግቢ ውስጥ አያድር።